«ገብቶኛል!» ያለው ጠበቃ

«ድገመው!»

«ጠበቃ ከመያዝህ በፊት... አንተ ስትናገር እርሱ የሚያደርገውን ተመልከት።»

«እንደገና!»

የሰባት ዓመቱ እንደሻው ጠጠር ላይ እንደ ተንበረከከ ደገመው...

አባቱ አቶ ተክለጻድቅ ሐረር ውስጥ የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነበሩ። በአፈኛ ጠበቃ ተማርከው ርስታቸውን ያጡ ሰዎችን ሲያዩ የሸበቱ ሰው ናቸው።

ልጃቸው ደንቡን በሳተ ቁጥር ጠጠር ላይ ያንበረክኩታል። «ተነሣ» የሚሉትም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዘመን አለፈ... 1959 ዓ.ም. ሆነ።

አቶ ተክለጻድቅ ከሞቱ አራት ዓመት አልፏል። እንደሻው ከረባት የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል።

አንድ ቀን እናቱ ወይዘሮ ለተማርያም የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሳቸው።

ከሳሹ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ጌታቸው! የሟቹ ወዳጅ!

ሟቹ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ያለውን የብርቱካን ቦታቸውን «እየሠራህ ብላ፤ ግብሩን ብቻ ክፈል» ብለው የሰጡት ሰው...

አሁን ግን «ዐሥራ አምስት ዓመት የገበርኩበት መሬት የእኔ ነው» አለ። ደረሰኙ ሁሉ በስሙ ነው። ወይዘሮ ለተማርያም የሚኖሩባት ቤትም በዚያው ግቢ ውስጥ ናት።

እንደሻው በመጀመሪያ የሄደው ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው የጠበቃው የሐጂ ቡሽራ ጽሕፈት ቤት ነበር።

ሐጂ ቡሽራ ጆሯቸው ከባድ ነው። መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ያዳምጣሉ... ይጽፋሉ... «ድገምልኝ ልጄ» ይላሉ... ደግሞ ይጽፋሉ።

«ይህ ሰው ለአባትህ በየዓመቱ የሚልከው ነገር ነበር?»

«በጥምቀት ማግሥት አንድ ቅርጫት ብርቱካን ይልክ ነበር፤ 'የባለቤቱ ድርሻ' እያለ። አምጪዋ ኤረር በር ፍራፍሬ የምትሸጠው ፋጡማ ናት። ምን ያደርግልዎታል ይሄ? እኔ የመጣሁት ስለ መሬት ነው!»

«ድገምልኝ ልጄ... የማን ድርሻ?»

እንደሻው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። «እግዚኦ! ደንቆሮ ጠበቃ ደግሞ ምን ይሠራል?»

በቀጥታ ወደ አቶ ሽፈራው ሄደ።

አቶ ሽፈራው ካባውን ደርቦ ሲሟገት፣ ሰው ሥራውን ፈትቶ ሊሰማው ይመጣል። አፉ ማር ነው። ድምፁ ደግሞ ከችሎቱ አልፎ አደባባይ ይሰማል።

«አቶ ሽፈራው፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ሰው በየዓመቱ...»

«ገብቶኛል!»

«ፋጡማ የምትባል...»

«ገብቶኛል አልኩህ እኮ ወንድሜ! አንተ ሂድና የድል ድግስህን አሰናዳ!»

ደንቡ ትዝ አላለውም? ብሎታል እንጂ... ግን «የድሮ ሰው ነገር» ብሎ አለፈው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ።

አቶ ሽፈራው ካባውን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ተነሣ። «ጌታዬ! ይህ ከሳሽ ያንን ግቢ በእግሩ ረግጦት አያውቅም!»

ሕዝቡ ተንጫጫ... ደስ አለው።

ጌታቸው ጠበቃ እንኳ አልያዘም። ዐሥራ አምስት ደረሰኝ አንድ በአንድ ዳኛው ፊት ደረደረ።

ዳኛው ቀና አሉ። «ግቢውን ረግጦት የማያውቅ ሰው ዐሥራ አምስት ዓመት ይገብርለታል? ምስክር አለዎት?»

በዚህ ጊዜ እንደሻው ዘወር ሲል... በሩ ላይ ፋጡማን አያት!

የጠበቃውን ካባ ጎተተው። «አቶ ሽፈራው... ብርቱካኑን የምታመጣው ሴት... ደጅ ቆማለች...»

«ገብቶኛል!» አለ ሽፈራው፣ ዞር እንኳ ሳይል። «ጌታዬ! የእኔ ምስክር እውነት ራሷ ናት!»

ችሎቱን ሊሰማ የመጣው ሰው አጨበጨበ።

ዳኛው ግን ጻፉ... «ተከሳሽ ምስክር አልቆጠሩም።»

ፍርዱም ተነበበ። የብርቱካኑ ቦታም ቤቱም ለጌታቸው። ወይዘሮ ለተማርያም በሠላሳ ቀን ውስጥ ይልቀቁ።

እንደሻው ደጅ ወጥቶ ፋጡማን ያዛት። «ማን ጠራሽ?»

«ሐጂ ቡሽራ ናቸው። ሱቄ ድረስ መጥተው 'የምታውቂውን እውነት ለአላህ ብለሽ ተናገሪ' አሉኝ። ወላሂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ... ስሜን የሚጠራ አጣሁ!»

ስሟን ለሁለቱም ጠበቆች ነግሯቸው ነበር... የሰሙት ግን «ደንቆሮ» ያላቸው ሰው ናቸው።

ወደ ሐጂ ቡሽራ ሮጠ። «ለምን ገብተው አልተናገሩልኝም?»

«ውክልና የሰጠኸው ለእርሱ ነው፣ ልጄ። ባልተወከልኩበት ነገር አልቆምም። ምስክሪቱን ግን ለአባትህ ስል ችሎቱ ደጅ ድረስ አደረስኳት።»

እንደሻው ይግባኝ አለ። «በሥር ፍርድ ቤት ያልተቆጠረ ምስክር እዚህ አይሰማም» ተባለ።

በሠላሳኛው ቀን ወይዘሮ ለተማርያም ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው ጋሪ ይጠብቁ ነበር። ቤቷ ተቆልፋለች። ቁልፉ ጌታቸው እጅ ነው።

«የአባትህን ደንብ በለው» አሉ።

እንደሻው አንዲት ቃል ሳይስት አለው።

እናቱ ከሣጥኑ ላይ ተነሡ።

«ታውቀዋለህ። ረስተኸው ቢሆን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። ተንበርከክ።»

የሠላሳ አንድ ዓመቱ ሰው ከነከረባቱ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ።

ጋሪው መጣ። ሣጥኑ ተጫነ። እናቱ ጋሪው ላይ ወጡና ሄዱ... ወደ ልጃቸው ቤት ሳይሆን ወደ እህታቸው ቤት።

«ተነሣ» ያለው ሰው ግን አልነበረም። ያንን ቃል የሚሉት አባቱ ብቻ ነበሩ...

ወገኖቼ! ጉዳያችሁን ሳይሰማ «ገብቶኛል» የሚል ሰው የሚሟገተው ለእናንተ አይደለም፤ ለጭብጨባው ነው። «ድገምልኝ» የሚላችሁን ሰው ግን አትናቁት። ደንብን ማወቅም ብቻውን አያድንም፤ አውቆ የጣሰ ቅጣቱ እጥፍ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ወይዘሮ ለተማርያም በልጃቸው ላይ የፈረዱት ፍርድ ልክ ነው... ወይስ በዛ? ከነምክንያታችሁ ጻፉልን።