የስልሳ ካሬው ኩሬ

አቶ ተካልኝ ሰው በማመን ጊዜ የሚያባክኑ አልነበሩም። ሻጭ ከመዘነላቸው በኋላ ራሳቸው ደግመው ይመዝናሉ። ሐኪም ደህና ነዎት ቢላቸው ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ።

ገርጂ ላይ ያሠሩት የመኪና ማቆሚያ ምሰሶው ብረት ነው፤ የላይኛው ወለሉ ደግሞ በታጠፈ ላሜራ ላይ የተሞላ ስስ የኮንክሪት ሶሌታ። ስስ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። መሐንዲሱ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢል፣ "መኪና እንጂ ዝሆን አይቆምበትም" ብለው ዘጠኝ ላይ አስቆሙት።

ይህ ሶሌታ ውሃ እንዳያሳልፍ በሬንጅ የሸፈነችው ሸሪፋ ናት። ስድስት ዓመት በሰው ስም ስትሠራ ኖራ በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ፈተናውን ካለፈች አቶ ተካልኝ የምስክር ደብዳቤ ይፈርሙላታል፤ ቦሌ ላይ ቃል የተገባላት ሥራ ያለዚያ ደብዳቤ አይሰጣትም። ከወደቀች ሽፋኑን በገዛ እጇ ልጣ ታነሳለች።

ፈተናው ቀላል ነው። ስልሳ ካሬ ያህሉን ዙሪያውን በጡብ ከለለች፤ የማፍሰሻውን አፍ ደፈነች፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ሞላችበት። ሁለት ቀን ይቆያል። ታች ጠብ ካላለ አለፈች።

በመጨረሻ ከትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ ጨመረችበት።

"ጠበል ልታደርጊው ነው?" አሉ አቶ ተካልኝ።

"ቀለም ነው ጋሼ። እንዲሁ ሲያዩት አይታይም። በዚህ መብራት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።" ባንክ ቤት ሐሰተኛ ብር እንደሚለዩባት ያለች ትንሽ መብራት አሳየቻቸው። "ላሜራው ሥር አንድ ጠብታ ቢወርድ አያመልጠንም። ደግሞ ቢጠጡትም አይጎዳም።"

"የመኪና ማቆሚያ ውሃ ማን ሊጠጣልሽ?"

ስልካቸው ጠራ። ባለቤታቸው ናቸው። ሲኤምሲ ያለው ቤታቸው ውሃ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ አቶ ተካልኝ የተቀቡት ሽቶም ይህንኑ ለመሸፈን እየታገለ ነበር።

"እኔ ቧንቧ ነኝ እንዴ?" አሉ በስልኩ። "ለእዝራ ንገሪው። ለምንድን ነው ሹፌር የቀጠርነው? ከየትም ፈልጎ ያምጣ።"

ስልኩን ዘግተው ወደ ዘበኛው ዞሩ። "ማሞ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀሪካን አንጠልጥሎ የሚመጣ አይጠፋም። አንድ ሰው ወደ ላይ እንዳታስወጣ።"

"ወፍ አይወጣም ጋሼ።"

በማግስቱ ሸሪፋ ማስመሪያዋን ውሃው ውስጥ አቆመች። ሦስት ሳንቲ ሜትር። በሌላኛው ጥግ አቆመች። ሦስት። ፀሐይ የምትወስደውን ለማወቅ ከጎኑ ባስቀመጠችው ሳፋ ውስጥ ግን የጎደለው የጥፍር ወርድ እንኳ አይሆንም።

መሰላል ይዛ ታች ወረደች። ያን ቀን ሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ የላሜራውን እጥፋት አንድ በአንድ በመብራቷ አየች። ደረቅ ነው። ደረቅ መሆኑ አላጽናናትም፤ ውሃ በላሜራውና በሶሌታው መሃል ተኝቶ ቀኑን ሊጠብቅ እንደሚችል ታውቃለች። ዓርብ ቀን እየተቻኮለች ዙሪያውን በሬንጅ የዘጋችው የማፍሰሻ አንገት ትዝ አላት። ትዝ ባላት ቁጥር ያ አንገት እየሰፋ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ተካልኝ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። በሰው ላይ የሚፈርዱ ቀን እንዲህ ነው የሚለብሱት።

"ስንት ቀረ?"

"ሦስት፣ ጋሼ።"

"ማሞ፣ ማን ወጣ?"

"ከእርስዎ መኪና ሌላ ጎማ አልረገጠውም። ጀሪካን የያዙ ሴቶች መጥተው ነበር፤ ከበር መለስኳቸው።"

አቶ ተካልኝ ማስረጃ የተሟላለት ዳኛ መሰሉ። "ሰማሽ የኔ ልጅ? ሰው ካልወሰደው ሶሌታው ጠጥቶታል።"

"ታች ግን ደረቅ ነው።"

"ለአንቺ ነዋ ደረቅ። እኔ ሌባና ውሃ የት እንደሚደበቁ አውቃለሁ።" ስልካቸውን አወጡ። "ቦሌ ላሉት ሰዎች አሁኑኑ ነው የምደውለው። እነሱንም ጉድ እንዳትሠሪያቸው።"

"አንድ ጊዜ አብረን እንየው። ጠብታ ካገኘን ዛሬውኑ እልጠዋለሁ።"

ሰው ሲዋረድ ቆሞ ማየት አይጠሉምና ተከትለዋት ወረዱ። ታችኛው ወለል በቀንም ጨለም ያለ ነው። ማሞ መብራቶቹን ሲያጠፋ ድቅድቅ አለ። ሸሪፋ መሰላሉ ላይ ወጥታ መብራቷን ከጥግ እስከ ጥግ በላሜራው ላይ አዞረች። በማፍሰሻው አንገት ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዞረች። ሁሉም ጥቁር ነው።

"ታዲያ የታለ ውሃው?" አሉ አቶ ተካልኝ ከኋላዋ።

ሸሪፋ መብራቷን እንደያዘች ዞር አለች፤ አቶ ተካልኝ ከጸጉራቸው እስከ ሸሚዛቸው ጫፍ አረንጓዴ ሆነው አበሩ።