የሲሚንቶ ብርድ

«አሁንም ስትሸኚ ያቃጥልሻል?» አለች ነርሷ።

«እንደ በርበሬ።» ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አላየቻትም። በሦስት ወር ውስጥ እዚች ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሁለተኛዋ ነው። ባሏ ብርድ ነው ብሏታል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሲሚንቶ ላይ እየዋልሽ ብርድ ቢመታሽ ምን ይገርማል ብሎ ወፍራም ካልሲ ገዛላት። እሷም የዋህ ናትና «ባሌ ያስብልኛል» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ከረመች።

«እህቴ፣ ባለፈውም ነግሬሻለሁ። ይሄ የአባላዘር በሽታ ነው፤ በግንኙነት ነው የሚተላለፈው። ወንዱ ላይ ምልክት ላያሳይም ይችላል። አንዳችሁ ብቻ ከታከማችሁ ተመልሶ ይይዛችኋል። ለሁለታችሁም የሰጠሁሽ ለዚህ ነው። ዋጠው?»

ያኔም እንዲሁ ተነግሯት ነበር። እሷ ግን «ኢንፌክሽን» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ሄደች፤ የቀረውን ጆሮዋ አልቀበል አለ።

«ውጫለሁ ብሎኛል።»

«አይተሻል?»

አላየችም። ምሳ በልቼ ሥራ ቦታ እውጠዋለሁ ብሎ ኪሱ ከቶት ወጣ። ባልን እንደ ሕፃን አፍህን ክፈት ይሉታል እንዴ!

«በይ ደውይለት።»

ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከጤና ጣቢያ ነው። ባለቤትዎ አጠገቤ ናት፣ እየሰማችን ነው። የተላከልዎትን መድኃኒት ወስደዋል?»

ከወዲያ ባልየው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ።

«እ... እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። እኔ ምንም አላመመኝም። ጓደኛዬ ግን በጣም ታማብኝ...» ቆም አለ። «ማለቴ፣ ታሞብኝ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የሰማችው ጓደኛው ሴት መሆኗን አልነበረም፤ «ብኝ» የምትለዋን ነበር። ታማብኝ። ጭንቀቱ ድምፁ ላይ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሽንት ቤት በር ላይ ከንፈሯን ነክሳ ስትቆም ባሏ ስለ እሷ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ነርሷ ኪኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ የእሷን፣ የባሏን፣ ትንሽ አመንትታም የሌላዋን ሴት።

«ሄሎ? ሰማሽኝ እንዴ? ሄሎ?» ይላል ስልኩ።

ልብስ ሰፊዋ የራሷን ብቻ አነሳች። ውሃ እስኪቀዳላት አልጠበቀችም፤ ስልኩን እያየች በደረቁ ዋጠችው።