የተሰፋው ኪስ

ልብስ ሰፊዋ አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ኮት በኢንተርኔት መሸጥ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ከትናንት ወዲያ አንዲት ደንበኛ አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥታ፣ «ኪሱ የውሸት ነው፣ አጭበርባሪ!» ብላ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጽፋባታለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ትእዛዝ አልመጣም። እሷ እኮ ኪሱ መንገድ ላይ ቅርጹ እንዳይበላሽ ብላ ነው አፉን በነጭ ክር ላላ አድርጋ የምትሰፋው፤ በጥፍር ሳብ ሲያደርጉት ይመዘዛል። ስልኩ ላይ የጻፈችው መልስ ግን ስለ ክር አልነበረም፤ ስለ ሴትዮዋ አስተዳደግ ነበር።

«እሱን ከላክሽማ ሱቁን ዝጊው» አላት ባሏ፣ ካልሲውን እያጠለቀ። «ክሩን ይምዘዙት በያት፣ በቃ!» የባሏ ምክር እንደ ሬት ቢመራትም ስድቡን አጠፋችና፣ «እባክዎ እህቴ፣ የኪሱን ነጭ ክር ይምዘዙት» ብላ ላከች።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ደንበኛዋ የላከችው ከኪሱ የወጣች ትንሽ ወረቀት ፎቶ ነበር፤ በራሷ በሰፊዋ እጅ ጽሑፍ፣ «ከመልበስዎ በፊት የኪሱን ክር ይምዘዙ» ይላል። ከሥሩ ደንበኛዋ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ስምዎን አጥፍቻለሁ፤ ኮከቡን አምስት አድርጌዋለሁ። ግን ወረቀቱን የተሰፋ ኪስ ውስጥ ከተውት እንዴት ላንብበው?» ብላለች።

ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሳቋም አመለጣት።

«ምን አለች?» አለ ባሏ፣ አንገቱን እያሰገገ።

«ይቅርታ ጠየቀች፣ ሌላ ምን ልትል ኖሯል!» አለችና ስልኩን ቶሎ ብላ ኪሷ ከተተችው።