የእትዬ ዘርፌ እጅ

በዚያ ዘመን አንድ ሙያ ሙዚየም ከገባ ከባለቤቱ እጅ ጨርሶ ይወጣ ነበር። የወረኢሉ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ በደቦ ሙዚየሙን ሲያቆም፣ እትዬ ዘርፌም የሹሩባ ሙያቸውን ሰጡ። አልባሶ መሥራት የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረምና «ከእኔ ጋር አፈር ከሚበላው የአገር ይሁን» አሉ።

የልጃቸው የስንዱ ሰርግ ደረሰ። ስንዱ እንደ ልማዷ ሚዶዋን ይዛ እናቷ ጉልበት ሥር ቁጭ አለች። እትዬ ዘርፌ ጸጉሯን ያዙት፤ ጣቶቻቸው ግን የሌላ ሰው ሆኑባቸው። ሚዶውን መለሱላትና «ተነሽ፣ እንሂድ» አሏት።

ሙዚየሙ ውስጥ የእትዬ ዘርፌ ሙያ የገባባቸው ሁለት የብረት እጆች የስንዱን ጸጉር ይጎነጉኑ ጀመር። የከበባቸው ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ዘርፌ እየዞረ «እጅዎ ይባረክ!» ይላል። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል።

ስንዱ ልታያቸው ዞር ስትል፣ አንደኛው የብረት እጅ አናቷን ኳ አደረጋት፤ ልክ ልጅ ሳለች ስትቁነጠነጥ እናቷ እንደሚያደርጓት።

«እማዬ!» አለች እየሳቀች፤ «ኩርኩሙንም ሰጥተሻቸዋል!»

«ታዲያ የማን እጅ መሰለሽ?» አሉ እትዬ ዘርፌ። «አርፈሽ ተቀመጪ!»