የአማቶቹ የመጀመሪያ ምሳ

በአዲሱ ሕግ የሚስቱን ወላጆች ከአገር ቤት ያስመጣ ሰው የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ መብራት ይሰቅላል። በቤቱ ውስጥ ማንም በዋሸ ቁጥር መብራቱ ይቀላል፤ ሦስት ጊዜ ከቀላ እንግዶቹ ወደመጡበት ይመለሳሉ።

ልዑልሰገድ አምስት ዓመት ፎርም ሞልቶ አማቶቹን አስመጣ። ገና ቅቅሉን ሲያቀርብ ወይዘሮ ስንዱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "ኧረ ጠግቤያለሁ ልጄ፣ አውሮፕላን ላይ በልቻለሁ" አሉ። መብራቱ ቀላ።

"በሞቴ ይብሉ!" አላቸው ልዑልሰገድ።

"እኔም አልራበኝም" አሉ ባላቸው አቶ ደርቤ። ደግሞ ቀላ።

ሚስቱ ምንትዋብ፣ "ኧረ በማርያም! እዚህ አገር ይሉኝታ ያስባርራል!" ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው አንገታቸውን ደፍተው መብላት ጀመሩ።

ልዑልሰገድ ቅቅል እየጨመረላቸው፣ "አይዟችሁ፣ ቤታችሁ እኮ ነው። እስከፈለጋችሁ ተቀመጡ፣ እኔ ደስ ነው የሚለኝ" አላቸው።

መብራቱ ቀላ። ምንትዋብ ቀና ብላ ባሏን አየችው።