የቁም ብየዳ

ውጭ አገር ስድስት ዓመት ስለ ብየዳ ተምሬ ተመለስኩ። መበየድ ግን አልተማርኩም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ በብቃት ምዘና ላይ ብየዳ አራሚ አደረጉኝ። ተፈታኞቹን አላያቸውም፤ የሚመጣልኝ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ነው።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን አራሚው ራሱ መጀመሪያ በይዶ ያሳይ ተባለ። ደነገጥኩ። ሥራዬን ሳልናገር፣ ውባለም የምትባል በርና አጥር የምትሠራ በያጅ ዘንድ ልምምድ ጀመርኩ። ብረቱን አቁማ ከታች ወደ ላይ አስበየደችኝ። የቀለጠው ብረት እግሬ ላይ ተንጠባጠበ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ብረቱን ነው ወይስ ጫማህን የምትበይደው?» አለች። «ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቆይ፤ መሃሉን ቶሎ እለፍ።»

በሦስተኛው ሳምንት መስመሬ ቀና።

«አሁን ብትፈተን ታልፋለህ» አለችኝ።

«አንቺስ የብቃት ወረቀቱ አለሽ?»

«ተፈትኜ ወደቅኩ እንጂ! የጤና ጣቢያውን አጥር ሥራ ያጣሁት በዚሁ ነው።» ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። «ያረመው ውጭ የተማረ ሰው ነው አሉ። እሱ ካለ እኔ ምን እላለሁ?»

«ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ጠርዝ ላይ እየቆየ ስለበየደ አላለፈም» ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ።