«ድኛለሁ» ያለው በያጅ

«ልጄ፣ ድኛለሁ» አላትና ስልኩን ዘጋው።

ልጅቱ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ከፊቷ ስድስት ሰው ተሰልፏል...

የአባቷ ዓይነት በሽታ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል በመተኛት እንደማይለቅ ከስድስቱም በላይ ታውቃለች።

ግን ልጅ ናት። ነገሩ የአባት ሲሆን ዕውቀት ወደ ጎን ይባላል።

ጋዋኗን እያወለቀች ታላቅ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«አባዬ ድኗል።»

«ማን አለ?»

«ራሱ።»

«ራሱ ካለማ አለቀ። እሱ መቼ ተሳስቶ ያውቃል?»

ይህ አሽሙር ነው... ታሪክም አለው።

አባትየው በያጅ ነው። ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል። ለሙያው ብቻ አይደለም፤ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ ሰው ስለሌለ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባትና ልጅ አብረው የሠሩት የትምህርት ቤት በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ብረቱ ግን በተሰበሰበው ሰው ፊት «ብየዳው የልጄ ነው» አለ።

ልጁ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ... ወጣ... አልተመለሰም። ዛሬ አውቶቡስ ይነዳል።

አባቱ ሲታመም እህቱ «ና ጠይቀው» ብላ ለምናው ነበር።

«ሲድን ጥሪኝ» አላት። «የምነግረው አለኝ። የታመመ ሰው ላይ ግን አፌን አልከፍትም።»

እንግዲህ ዳነ ተባለ። እሱም ቃሉን ጠብቆ መጣ።

እሷ የአባቷን ሱሪና ጫማ በፌስታል ይዛ፣ እሱ የሚናገረውን በልቡ እየደጋገመ... ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ።

ሐኪሟ ፌስታሉን አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልብሱ ነው። ድኗል አይደል?»

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ... የተለወጠ ነገር የለም። የቀረው ወራት ነው ብዬሽ ነበር፤ አሁንም ወራት ነው።»

ወንድምየው ወደ መውጫው ዞረ። «አላልኩሽም? ዋሽቶ አመጣኝ።»

እሷ በሩን ገፍታ ገባች።

«አባዬ፣ ለምን ትዋሸኛለህ?»

«ምን ብዬ?»

«ድኛለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«አልዳንክማ!»

«ከበሽታው ነው የምትይው? ከእሱስ አልዳንኩም» አለ ብረቱ በርጋታ። «አማርኛ ለሁለት ዓይነት መዳን አንድ ቃል ከሰጠን እኔ ምን ላድርግ? እኔም እንዳንቺ ተሸውጃለሁ።»

ከጎኑ ያለውን ባዶ አልጋ በአገጩ አሳያትና ነገራት።

አልጋው ላይ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት መዝሙር ያንጎራጉራል። ድምፁ ለመዝሙር የተፈጠረ አልነበረም... ብረቱ ሁለት ጊዜ ትራስ ወርውሮበታል። ሰውየው ትራሱን አራግፎ ይመልስና «እንዴት አደርክ፣ ጎረቤት?» ይለዋል።

አንድ ቀን ብረቱ «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ ደስ የሚልህ?» አለው።

«እኔማ ድኛለሁ።»

ብረቱ ወዲያው ነርሷን አስጠራ። «ለእሱ የሰጣችሁትን መድኃኒት ለእኔም ስጡኝ።»

ነርሷ ግራ ገባት። «ለእሳቸው ማስታገሻ ብቻ ነው የምንሰጠው። ሕመማቸው ከእርስዎ ይብሳል።»

ፖስተኛው እስኪያስለው ሳቀ። «መድኃኒቱስ አለ... ግን እሷ ጋ አይደለም።»

ከዚያ ኃጢአተኞችን ሊያድን ስለ መጣው ስለ ኢየሱስ ነገረው። እንደ ፖስተኛነቱ... መልእክቱን ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ።

አምስት ቀን ተከራከሩ። በስድስተኛው ቀን ብረቱ አለቀሰ፤ አመነም። ፖስተኛው ትናንት አረፈ። ብረቱ ዛሬ ጠዋት ለሴት ልጁ ደወለ።

ይህን ሲናገር ወንድምየው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ። «እርስዎ ድነዋል። እኔስ?»

አባቱን «እርስዎ» ሲለው የመጀመሪያው ነው። በቤታቸው እርስዎ የሚባለው ደንበኛ ብቻ ነበር።

ብረቱ ክርኑን ተደግፎ ለመቀመጥ ታገለ። ጊዜ ፈጀበት።

«ብየዳው የእኔ ነበር።»



«ያኔውኑ አውቄዋለሁ። የራሴ እጅ አይጠፋኝም። የእኔን ስም ላድን ብዬ ያንተን ጣልኩት።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ትነግረኛለህ?»

«የእኔን በደል ክርስቶስ ተሸክሞልኛል። አንተ ግን ዘጠኝ ዓመት የተሸከምከው የእኔን ነው... ላወርድልህ ነው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ልጁ ያን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀውን ንግግር ተወና ወደ አልጋው ተጠጋ።

«ተኛ፣ አባዬ... ወገብህን ያምሃል» አለና ትራሱን አስተካከለለት።

ብረቱ በዚህ አላበቃም። ልጁን የከሰሰው በሰው ፊት ነዋ... ከማግስቱ ጀምሮ ለድሮ ደንበኞቹ፣ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ደወለ። አንዳንዶቹ በሩንም ረስተውታል። እሱ ግን አስታውሷቸው ጥፋቱን ተናዘዘ።

ከአራት ወር በኋላ ልጆቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ በሰላም አረፈ።

ወዳጆቼ፣ ጤና ትልቅ ስጦታ ነው፤ ለታመመ ሁሉ ፈውስ ይሁንለት። ነገር ግን ሐኪም የማይደርስበት ቁስል አለ... እዚያ የሚደርስ አዳኝ ክርስቶስ ነው። የዳነ ሰው በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ የበደለውን ሰው ዓይን እያየ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ሲችል እላለሁ።

እናንተ በልጁ ቦታ ብትሆኑ ትራሱን ታስተካክሉ ነበር... ወይስ ትታችሁ ትወጡ ነበር?

ኮሜንት ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነው። እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ።